ምራቅ 500 ሪያል፦ መንገድ ላይ መትፋትና መሽናት፣ ቅጣቱና የእኛ መብት

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ምራቅና ስለ ሽንት ነው። አትሳቁ። ዑተይቢያ አካባቢ ከምትኖሩት ልጆች በድምፅ መልእክት ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች አንዱ ይኸው ነው። «መንገድ ላይ እንትፍ ስላልኩ እቀጣለሁ እንዴ?» ትላለች አንዷ። ሌላዋ «ከሥራ ስመለስ ሽንቴ ይመጣል፣ የት ልግባ?» ትላለች። ከሁሉም የከበደኝ ደግሞ ይሄ ነበር፦ «የሕንጻው ሰዎች ሐበሾች ደረጃውን አቆሸሹት፣ ፖሊስ እንጠራለን ይሉናል። ከመካከላችን ሦስቱ ኢቃማ የለንም። ምን እናድርግ?»

እኔ ስድስት ዓመት ሰው ቤት ሠርቻለሁ፤ መጀመሪያ ጅዳ፣ ቀጥሎ መካ። የምጽፍላችሁ ሕግ ተምሬ ሳይሆን ከሕጉ ጋር ኖሬ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሕጉ ምን እንደሚል እነግራችኋለሁ፣ ከዚያ መቀጣት አለብን ወይስ የለብንም የሚለውን የራሴን ሐሳብ እናገራለሁ። መሃል ላይ ደግሞ ስለ ጤናችሁ ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ፤ እሱን ዘላችሁ እንዳትሄዱ።

ሕጉ ምን ይላል?

የሳዑዲ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያዝያ 2019 (እ.ኤ.አ.) አንድ ደንብ አጸደቀ። በዓረብኛ «ላኢሐት አል-ዘውቅ አል-ዓም» ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ የአደባባይ ሥነ ሥርዓት ደንብ ልንለው እንችላለን። በዚያው ዓመት መስከረም መጨረሻ አገሪቱ ለጎብኚዎች ቪዛ ስትከፍት የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር 19 ጥፋቶችን ከነቅጣታቸው ዘርዝሮ አወጣ። ምራቅ መትፋትና ቆሻሻ መንገድ ላይ መጣል አብረው ተጽፈዋል። መጀመሪያ ሲያዙ 500 ሪያል፣ ቢደገም 1000 ሪያል ነው።

ዝርዝሩ ውስጥ ሌሎችም አሉ። ሰልፍ ማቋረጥ 50 ሪያል ያስቀጣል። ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች የተመደበ ወንበር ላይ መቀመጥ 200 ነው። ሰው ሳያስፈቅዱ ፎቶ ወይም ቪዲዮ መቅረጽ ደግሞ 1000 ሪያል ነው፤ ቲክቶክ ላይ የምትውሉ ልጆች ይቺን ልብ በሉ፣ ከምራቅ በእጥፍ ትበልጣለች።

ደንቡ ራሱ የቅጣቱን ጣሪያ 5000 ሪያል አድርጎታል። ጥፋቱ በአንድ ዓመት ውስጥ ከተደገመ ቅጣቱ እጥፍ ይሆናል። የተቀጣ ሰው ደግሞ ለአስተዳደር ፍርድ ቤት፣ ማለትም ለዲዋን አል-መዛሊም፣ አቤቱታ የማቅረብ መብት አለው። ይህን መብት ወረቀት ላይ አለ ብዬ ነው የምነግራችሁ። ለ500 ሪያል ብላ ፍርድ ቤት የምትሄድ የቤት ሠራተኛ እስካሁን አላጋጠመችኝም።

ሽንት ሲሆን ነገሩ ከምራቅ ይከብዳል። አካል መጋለጥ ስላለበት ከቆሻሻነት አልፎ ከነውር ጋር ማያያዝ ቀላል ነው። «ምራቅ 500 ከሆነ ሽንትም 500 ነው» ብላችሁ ሒሳብ አትሥሩ።

አንድ ነገር አስምሩበት። ደንቡ ሲወጣ ጥፋተኛን የመያዝና የመቅጣት ሥልጣን የፖሊስ ነው ተብሎ ነበር የተነገረው። የሕንጻ ዘበኛ፣ የባቃላ ባለቤት ወይም ጎረቤት አይቀጣም። የመንግሥት ቅጣት የሚከፈለውም በሰዳድ በኩል ነው፣ በባንክ ወይም በስልክ። «አሁን 200 ስጪኝና ልተውሽ» የሚል ሰው መንገድ ላይ ካገኛችሁ እሱ ቅጣት አይደለም፣ ሌላ ስም አለው።

ምራቅ በእኛ ዘንድ

ወሎ ነው ያደግኩት። አያቴ ለመንገድ ስትሸኘኝ መዳፌን ይዛ እትፍ እትፍ ብላ መርቃኛለች። ምራቅና ምርቃት በእኛ አፍ ላይ ዘመዳሞች ናቸው። የበሰለን ሰው «ምራቁን የዋጠ» እንላለን። ታዲያ ይሄንን ለአንዲት መዳም ሳጫውታት ፊቷ ጠቁሮ «እኛ ዘንድ ነውር ነው» አለችኝ። ነውሩ የጋራ ነው ለማለት ፈልጌ ዓረብኛዬ አልበቃኝም እንጂ፣ የአያቴ እትፍታና የመንገድ ላይ አክታ አንድ አይደሉም። እኛም አገር ሰው ፊት አክ ብሎ የሚተፋ ሰው የሚከበር አይደለም።

መትፋት የእኛ ብቻ ነው የሚባለውም ውሸት ነው። ኒውዮርክ በ1896 በሕዝብ ቦታ መትፋትን በሕግ የከለከለችው ብዙ ሰው በሳንባ ነቀርሳ እያለቀባት ስለነበር ነው። ሮበርት ኮክ የሚባለው ጀርመናዊ ሐኪም የበሽታውን ተሕዋስ ያገኘው በ1882 ነው፤ ከዚያ በኋላ በየከተማው «አትትፉ» የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ። ይተፉ ስለነበር ነው እንግዲህ የተከለከሉት!

ለመሆኑ ምራቅ በሽታ ያስተላልፋል?

ፍርሃቱ ልክ ነው፣ ግን አንዳንዱ ሰው የተሳሳተውን ነገር ይፈራል። የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) በዋናነት የሚተላለፈው መሬት ላይ ከደረቀ ምራቅ አይደለም። የታመመው ሰው ሲያስል፣ ሲያስነጥስ፣ ሲያወራ ከአፉ የሚወጣው ጠብታ አየር ላይ ይቆያል፤ ጠባብና አየር የማይገባበት ክፍል ውስጥ ያለ ሰው እሱን ይተነፍሳል። ዑተይቢያ ውስጥ አንድ ክፍል ስድስት ሰባት ሆናችሁ መስኮት ዘግታችሁ ኤሲ ከፍታችሁ የምትተኙ ልጆች፣ ከደረጃው ምራቅ ይልቅ የሚያሳስባችሁ ይሄ ይሁን። በቀን ለጥቂት ጊዜ መስኮት ክፈቱ። የምታስል ልጅ ካለች አፏን በክንዷ ወይም በሶፍት ትሸፍን። አክታም ሶፍት ላይ ነው የሚተፋው፣ ሶፍቱ በፌስታል ታስሮ ይጣላል፣ እጅ ይታጠባል።

ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል፣ ማታ የሚያጠምቅ ላብ፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ አክታ ውስጥ ደም፤ ከእነዚህ አንዱ ካለ ምርመራ ያስፈልጋል። ቲቢ ይድናል። የተለመደው ሕክምና ስድስት ወር ነው፣ አገር ቤት መድኃኒቱ በነጻ ይሰጣል። ሁለት ወር ውጦ ሲሻል ማቆም ግን መድኃኒት የማይበግረውን ዓይነት ያመጣል።

መካና ጅዳ በትንፋሽ የሚተላለፍ በሽታ ምን እንደሚያደርግ ያውቃሉ። በ2000 ከሐጅ ጋር ተያይዞ የማጅራት ገትር ወረርሽኝ ተነስቶ ሐጃጆች ወደየአገራቸው ይዘውት ሄደዋል፤ ዛሬ ሐጅ የሚመጣ ሁሉ የሚከተበው የአራት ዓይነት ማጅራት ገትር ክትባት ከዚያ ወዲህ የመጣ ግዴታ ነው። ሜርስ የሚባለው የመተንፈሻ በሽታም በ2012 መጀመሪያ የተገኘው ጅዳ በነበረ በሽተኛ ላይ ነው። ስለዚህ በለዲያው ስለ ምራቅ ሲቆጣ ዝም ብሎ የሐብታም ቅንጦት ነው አልልም።

ወንድሞች ጋር አንድ ነገር ላንሳ። በየመን በኩል በጂዛን የመጣችሁ አንዳንዶቻችሁ ሸማ የሚባለውን የሚታኘክ ትምባሆ ለምዳችኋል። ከንፈር ሥር ይቀመጣል፣ ምራቅ ያመነጫል፣ ስለዚህ ያስተፋል። ሽያጩ በሳዑዲ የተከለከለ ነው። ከዚያ የከፋው ግን የአፍ ካንሰር የሚያመጣ መሆኑ ነው። አፍ ውስጥ የማይድን ቁስል ወይም ነጭ ሽፋን ካያችሁ «ይለቀኛል» ብላችሁ አትጠብቁ። ጫትማ እዚህ አገር ምን እንደሚያስከትል ታውቁታላችሁ፣ እሱን አልጽፍም።

ሽንት መያዝ፦ የእኛ የሴቶቹ በሽታ

እዚህ ላይ ረዘም ላድርግ፣ ምክንያቱም ቅጣት ሲባል ሰው የሚያስበው ግድግዳ ጥግ ስለሚሸና ወንድ ነው። ሴቷ አትሸናም፤ ትይዛለች። የሚቀጣት በለዲያው ሳይሆን ኩላሊቷ ነው።

ከሠራሁባቸው ቤቶች አንዱ ላይ የሠራተኛ ሽንት ቤት ያለው ሱጡሕ (ጣሪያው) ላይ ነበር። ማታ የደረጃው በር ይቆለፋል። የቤቱን መጸዳጃ እንዳልጠቀም ተነግሮኛል። ከምሽቱ አምስት ሰዓት እስከ ፈጅር መያዝ ማለት ነው፤ የሚያዋጣው ከመግሪብ በኋላ ውሃ አለመጠጣት ብቻ ነበር። ይህን ለሌሎች ስናገር «እኔም» የማይለኝ ትንሽ ነው። አንዷ በሰዓት ለሦስት ቤት ታጸዳለች፣ ሁለቱ ቤት «ሐማም አትንኪ» ብለዋታል። ሐማሙን የምታጥበው ራሷ ናት እኮ!

ውሃ ሳይጠጡ ሽንት ሲይዙ ሽንቱ ይወፍራል፣ ባክቴሪያ ይራባል። የሴት የሽንት ቧንቧ አጭር ስለሆነ ኢንፌክሽኑ ቶሎ ወደ ፊኛ ይደርሳል። ምልክቱ ሲሸኑ ማቃጠል፣ ቶሎ ቶሎ መምጣት፣ ከእምብርት በታች ሕመም፣ የደፈረሰ ወይም የሚሸት ሽንት ነው። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ወገብ ላይ በጎን በኩል ሕመምና ማስታወክ ከተጨመሩ ወደ ኩላሊት ወጥቷል ማለት ስለሚሆን በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ነው። እርጉዝ የሆነች ሴት ደግሞ መለስተኛ ምልክት እንኳ ቢኖራት አትጠብቅ። በጅዳ ሙቀት ላይ ውሃ ማነስ የኩላሊት ጠጠርም ያመጣል።

ከጓደኛ የተረፈ አንቲባዮቲክ አትዋጡ። ፋርማሲዎችም ከ2018 ጀምሮ ያለ ሐኪም ወረቀት እንዳይሸጡ ጥብቅ ተደርጓል፤ ወረቀት የሌላችሁ ልጆች ይሄ እንደሚያስቸግራችሁ አውቃለሁ። 937 የጤና ሚኒስቴር የምክር ስልክ ነው፣ 24 ሰዓት ይሠራል። ሽንታችሁን እዩት፤ ፈዛዛ ቢጫ ከሆነ ደህና ነው፣ እንደ ወፍራም ሻይ ከጠቆረ ውሃ ጠጡ።

ታዲያ መቀጣት አለብን?

አሁን ወደ ክርክሩ። ሁለት ዓይነት ሰው ያናድደኛል። አንዱ «ደሃ ስለሆንን ነው የሚቀጡን፣ መትፋት መብታችን ነው» የሚለው ነው። አይደለም። ያንን ደረጃ የምትጠርግ የሰው ልጅ አለች፣ ብዙ ጊዜ እሷም እንደኛው ስደተኛ ናት። የሰው አክታ በእጇ ስትጠርግ ያየ ሰው መትፋት መብት ነው አይልም። ምራቅን የሚያስገድድ ነገር የለም፤ ሶፍት አንድ ሪያል አይሞላም። ስለዚህ ምራቅ ላይ ቅጣት መኖሩን አልቃወምም።

ሌላው ደግሞ «ቅጡ፣ ይለምዳሉ» የሚለው ነው። 500 ሪያል ለሁሉም 500 ሪያል አይደለም። በወር 1000 ሪያል ለምታገኝ ልጅ የአሥራ አምስት ቀን ድካም ነው። ኢቃማ ለሌላት ደግሞ ቅጣቱ ጭራሽ ገንዘብ አይደለም። ፖሊስ ሊቀጣት ሲል መታወቂያ ይጠይቃል፣ ባስማ ይወሰዳል፣ ሁሩብ ከተመዘገበባት ይታያል፣ ከዚያ መንገዱ ወደ ሹመይሲ ነው። አንድ ምራቅ ለአንዱ 500 ሪያል፣ ለሌላው መጠረዝ። በኅዳር 2013 የተጀመረውን አፈሳ የምታስታውሱ ታውቃላችሁ፤ ያኔ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያዊ ነው የተመለሰው። ያንን የምትፈራ ልጅ ስትታመም ሐኪም ቤት አትሄድም፣ ሳሏን በትራስ አፍና ትተኛለች። ለጤና ተብሎ የወጣ ቅጣት በሽታውን ቤት ውስጥ ይቆልፈዋል።

መንግሥቱ ይህን አያውቅም አይባልም። መጋቢት 30 ቀን 2020 (እ.ኤ.አ.) ንጉሥ ሳልማን የኮሮና ሕክምና ለዜጋም፣ ለነዋሪም፣ ኢቃማ ለሌለውም በነጻ እንዲሰጥ አዘዋል። በሽታ ኢቃማ አይጠይቅም ብሎ ማሰብ እንደሚቻል ያኔ ታይቷል። የምራቅ ቅጣትም ከመኖሪያ ፈቃድ ፍተሻ ተለይቶ ቢሠራበት ብዬ የምመኘው ለዚህ ነው። (በዚያው በ2020 ሂውማን ራይትስ ዎችና አምነስቲ ኢትዮጵያውያን በታሰሩባቸው ማቆያዎች ሽንት ቤቶች ሞልተው ይፈሱ እንደነበር ጽፈዋል። ስለ ንጽሕና የሚቀጣ ሁሉ መጀመሪያ የራሱን ሐማም ይይ እላለሁ።)

ሽንት ላይ ግን ከምራቅ የተለየ አቋም አለኝ። ሽንትን ሰውነት ያዝዛል። መግቢያ ባልተሠራበት ቦታ መቀጣት ሰውነት ስላለን መቀጣት ነው። አዲስ አበባ አጥሩ ሁሉ ላይ «እዚህ መሽናት ክልክል ነው» ተብሎ የተጻፈበትን ዘመን አስቡ፤ ጽሑፉ ሥር ሁልጊዜ እርጥብ ነው። ክፍያው ጥቂት ብር የሆነ የሕዝብ ሽንት ቤት ወጣቶች ተደራጅተው በከፈቱበት ሰፈር ግን ግድግዳው ደርቆ አይቻለሁ። ደንብ አስከባሪ አያስፈልግም አልልም፣ ግን ሽንት ቤቱ ይቅደም።

አምስተርዳም ውስጥ በ2015 አንዲት ወጣት ሴት መንገድ ላይ ሸንታ 140 ዩሮ ተቀጣች። በአካባቢው ለወንዶች መሽኛ ሞልቷል፣ ለሴት የለም። ፍርድ ቤት ሄዳ ተከራከረች። በ2017 ዳኛው የወንዶቹን መጠቀም ትችይ ነበር አላትና ቅጣቱን ወደ 90 ዩሮ ዝቅ አድርጎ አጸናው። የከተማው ሴቶች ተቆጥተው አደባባይ ወጡ። ከዓመታት በኋላ፣ በ2024፣ ከተማው ሴቶችና አካል ጉዳተኞች የሚጠቀሙባቸውን መጸዳጃዎች ለመሥራት 4 ሚሊዮን ዩሮ መደበ። እኛ እዚህ እንደዚያ መከራከር አንችልም፤ ግን ጥያቄው ያው ነው፦ ከመቅጣትህ በፊት የት እንድገባ ነበር የፈለግኸው?

ሙስሊም አንባቢዎቼ ደግሞ አንድ ታሪክ ታውቃላችሁ። አንድ በደዊ መዲና መስጊድ ገብቶ ጥግ ላይ ሸና። ሶሐቦች ሊጮሁበት ተነሱ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ተዉት፣ አታቋርጡት አሉ። ሲጨርስ አንድ ባልዲ ውሃ አስመጥተው አስፈሰሱበት፣ ሰውየውን በለሰለሰ ንግግር መስጊድ ለምን እንደሆነ አስተማሩት። መንገድ ላይና ሰው በሚያርፍበት ጥላ ሥር መጸዳዳትንም እሳቸው ራሳቸው ከልክለዋል። ክልከላው አለ፣ ባልዲውም አለ። የሕንጻችን ሰዎች «ፖሊስ እንጠራለን» ሲሉ ይሄን ታሪክ ያነሳችላቸው አንዲት የከሚሴ ሴት ናት። ቀጥላም ሦስቱን ልጆች ይዛ ደረጃውን በክሎሮክስ አጠበች። ፖሊስ አልተጠራም።

እስከዚያው የት እንግባ?

መካ ውስጥ ሐረም ዙሪያ የሴቶች መጸዳጃዎች በብዛት አሉ፣ ቁጥር ተጽፎባቸዋል። የሰፈር መስጊዶች ሐማም አላቸው፤ ትንንሾቹ ግን የሴት ክፍል ላይኖራቸው ይችላል፣ ወይም በሶላት ሰዓት ብቻ ይከፈታል። በመንገዳችሁ ላይ የትኛው እንደሚከፈት አንድ ቀን ዞራችሁ እዩና ለአዲስ ለምትመጣ ልጅ አሳዩአት። ጅዳ ያላችሁ ክርስቲያን እህቶች ወደ መስጊድ ሐማም ለመግባት እንደምትፈሩ ነግራችሁኛል፤ ሐማሙ አብዛኛውን ጊዜ ከመስገጃው ውጭ ነው፣ ሲገቡ ሃይማኖት የሚጠይቅ ሰው አላየሁም። ሞል፣ ትልልቅ ሱፐርማርኬት፣ የኮርኒሽ መጸዳጃዎች፣ በጅዳና መካ መንገድ ላይ ማሐጣ (ነዳጅ ማደያ) አሉ።

ሰው ቤት ለምትሠሩ፣ ሐማም መከልከል የቤቱ ደንብ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ከመቀጠራችሁ በፊት ወይም በመጀመሪያው ቀን ጠይቁ፦ «ወይን ሐማሚ?» በሉ፣ ሌሊትም ክፍት መሆኑን አረጋግጡ። መዳሟ እንቢ ካለች ስለ መብት ሳይሆን ስለ ሕመም ብታወሩ ብዙ ጊዜ ይሰማል፤ «ታመምኩ፣ ሐኪም ቤት መሄድ ሊኖርብኝ ነው» የሚለውን ቃል ወጪውን ስለሚያስቡ አይወዱትም።

ፖሊስ ቢያስቆማችሁ አትሩጡ፣ አትጨቃጨቁ። «አሲፋ፣ አነ አነዝዝፍ» (ይቅርታ፣ አጸዳዋለሁ) ብላችሁ ሶፍት አውጥታችሁ ጥረጉት፤ በዚህ የተለቀቁ አሉ። ከተቀጣችሁ የጥፋቱን ቁጥር ጠይቁ፣ ኢቃማ ካላችሁ አብሸር ላይ ገብታችሁ መመዝገቡን እዩ። የማይገባችሁ ወረቀት ላይ አትፈርሙ። ከተያዛችሁ የኢትዮጵያ ቆንስላ ጅዳ እንዲነገርለት ጠይቁ፣ የቅርብ ሰው ስልክም በቃላችሁ ያዙ፤ ሞባይል መጀመሪያ የሚወሰድ ነገር ነው።

ዑተይቢያ ያላችሁ፣ ከባቃላው በላይ ያለው መስጊድ የሴቶቹ በር ከኢሻ በኋላም ለአንድ ሰዓት ክፍት እንዲሆን ሐሙስ ዕለት ከሙአዚኑ ሚስት ጋር ተነጋግረናል። ለጽዳቱ በየሳምንቱ ሁለት ሁለት ልጅ እንደምንመድብ ነግረናታል። ባለቤቷን ጠይቃ ትመልስልናለች፤ ተራ ለመግባት የምትፈልጉ በድምፅ መልእክት ስማችሁን ሳይሆን የሚመቻችሁን ቀን ብቻ ላኩልኝ።